ቁጥር የሌለው ናሙና

ቁጡ ነሽ ይሉኛል። ነኝ። በላቦራቶሪ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተቆጣሁት ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ሐኪም ተቆጥቻለሁ፣ ጥበቃ ተቆጥቻለሁ፣ የንስሐ አባቴን ሳይቀር ስኳራቸውን ሊያስለኩ መጥተው፣ በልተው ሲያበቁ አልበላሁም ስላሉኝ ተቆጥቻቸዋለሁ። ቁጣዬ ግን እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ ወርዶ ያባራል። ይሄኛው ነው አላባራ ያለኝ።

የምሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ እዚሁ ጭሮ ዙሪያ ነው ብል ይበቃል። እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ራሴ ያወጣሁት አንድ ሕግ አለ። ፎርም የሌለው ናሙና ቁጥር አያገኝም፣ ቁጥር የሌለው ናሙና ይጣላል። በትልቁ ጽፌ ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ጊዜ የሁለት ወላዶች ደም ተቀያይሮብን ለጥቂት ነው የተረፉት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማስተምረው ይህንን ነው። አዛኝ ሆኖ ላገኘሁት ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ አስተምረዋለሁ።

ረመዳን ከሁዳዴ ጋር የገጠመበት ዓመት ነበር። እኔም ጾመኛ፣ ከተማውም ጾመኛ፣ ሁሉም ሰው አፉ ደርቆ ግንባሩን ቋጥሮ የሚሄድበት ወር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ፖሊስ በፒካፕ ሬሳ ይዞ መጣ። ሟቹ የሚኤሶ ሰው ነው፤ የፍየል ነጋዴ፣ ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ከእህቱ ባል ጋር በደሳ ገበያ ፍየል ሸጠው፣ ባዶውን በሚመለስ የጫት አይሱዙ ተሳፍረው ሲመጡ መኪናው ደጋው ላይ ጭቃ ያዘው። ዝናቡ በረዶ ቀላቀለ። ሾፌሩ ጋቢናውን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ ከላይ የተጫኑት ሁለቱ ሰዎች ቤት ፍለጋ በእግራቸው ሄዱ። የቆላ ሰው ናቸው፤ አንዱ ሽርጥና ሸሚዝ በጃኬት፣ ሌላውም እንደዚያው።

ጎህ ሲቀድ አማቹ ብቻውን የሟቹን ጃኬት በእጁ ይዞ፣ አድኑኝ እያለ አንድ መንደር ደረሰ። ገበሬዎች ወጥተው ሰውየውን ሲያገኙት ሞቷል። ተሸክመው መንገድ አወጡት፣ ፖሊስም እዚያው ተረከበ። ሟቹ ጉንጩ ላይ የምት ምልክት አለ፣ የእጁ አንጓ ተጭሯል፣ ጃኬቱ አማቹ እጅ ነው። በቃ፣ አማቹን አሰሩት።

አማቹ ቃሉን ሲሰጥ ያለው ይሄ ነው። ሟቹ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መንቀጥቀጡን ተወው፣ ምላሱም ተሳሰረ። ቀጥሎ ሞቀኝ፣ ተቃጠልኩ ብሎ ልብሱን አንድ በአንድ እያወለቀ ወረወረ። መልሼ ላለብሰው ብታገል አቃተኝ፤ ነቃ እንዲል አንድ ጊዜ በጥፊ መታሁት። ራቁቱን ሲቀመጥ ሰው ላምጣ ብዬ ጃኬቱን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

ፖሊሶቹ ሳቁ። አንደኛው ለኔ ሲነግረኝ እንኳ እየሳቀ ነበር። በበረዶ መሀል የሚሞቀው ሰው የት አገር አለ? ደግሞስ፣ ራቁቱን ነበር ይላል፤ ሬሳው ግን ሸሚዙንም ሽርጡንም ለብሶ ነው የመጣው። ውሸታም መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ ውሸታም ከሆነ ደግሞ ገዳይ ነው። እንዲህ ነው የኛ አገር ምርመራ።

ሬሳው ክፍል በር ላይ የሟቹ ዘመዶች ቆመዋል። ከዐሱር ሶላት በፊት ካልቀበርን ይላሉ። ከነሱ መሀል አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ወጥታ "ሬሳው ተከፍቶ ይመርመር" አለች። የሟቹ እህት ናት። የታሰረው ደግሞ ባሏ ነው። አጎቶቿ ሊቆጧት ሲሉ በኦሮምኛ መለሰችላቸው፤ ወንድሜ በምን እንደሞተ ሳላውቅ የማን ቤት ልገባ ነው አለቻቸው። ሴትየዋ ያለችው እውነት ነው። አራት ልጆች አሏት። ባሏ ገድሎት ከሆነ የወንድሟን ገዳይ ታቅፋ አትኖርም፤ ካልገደለው ደግሞ ንጹሕ ባሏን ለውሻ ጥላ ልትሄድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉዳዩ ባለቤት ለኔ እሷ ሆነች።

የከፈተው ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ ልጅ እግር፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ። ሌሎቹ ቢሆኑ ከውጭ አይተው "የልብና የትንፋሽ መቆም" ብለው ይፈርሙ ነበር። ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው ያለ ይመስል! የሚያግዘው ሰው ስላልነበረ እኔ ገባሁ። ልብሱን ስናወልቅ ካኔተራው ከሸሚዙ በላይ ነበር። አይቼዋለሁ። ብርድ ሲጠናበት እንደ ነገሩ ደራረበ ብዬ አለፍኩት።

ጭንቅላቱን ከፍቶ አየ፤ ደም የለም። አንገቱ ደኅና ነው። ጉልበቱና ክርኑ ላይ ቀላ ያለ ነገር አለ። ጨጓራውን ሲከፍተው የውስጡ ሽፋን ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተበትኖበታል፤ ቁንዶ በርበሬ ወቅጠው የነሰነሱበት ይመስላል። ሐኪሙ ቁስለት ነው አለ። እኔ ግን የድሮ አስተማሪያችን ትዝ አሉኝ። በብርድ የሞተ ሰው ላይ ብርድ የሚል ጽሑፍ አታገኙም፣ ምልክቶቹን እየለቀማችሁ ነው የምታውቁት ይሉን ነበር። ከምልክቶቹ አንዱ ይሄ የጨጓራ ነጠብጣብ ነው። ሌላው ሽንቱና ደሙ ውስጥ ያለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲበርደው ሰውነቱ እሳት ለማንደድ ያለውን ስኳር ይጨርሳል፤ ሲያልቅበት ስቡን ያቃጥላል። ስብ ሲቃጠል ኬቶን የሚባል ነገር ይተርፋል፣ ሽንት ውስጥም ይገባል። ጭንቅ ሲበዛበት ደግሞ አድሬናሊንና መሰሎቹን ያፈሳል፤ እነሱም እዚያው ሽንት ውስጥ ይጠራቀማሉ። ሊሞት ሲል ሞቀኝ ብሎ ልብሱን የሚጥልም አለ፤ ይሄኛው ግን ለብሶ መጣ። በጥፊ የሞተ ሰው፣ ባጭር ጊዜ የሞተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ለማከማቸት ጊዜ የለውም። አንዱ ምልክት ብቻውን አይመሰክርም፤ አንድ ላይ ሲቆሙ ግን አፍ አላቸው።

ከፊኛው በመርፌ ሽንት ቀድተን ሁለት ቱቦ ሞላሁ። በአንዱ የሽንት መመርመሪያ ወረቀቷን ነከርኩ። ስኳር የለም፤ የስኳር በሽተኛ አይደለም ማለት ነው። የኬቶኗ ካሬ ግን ጠቁራ ወይን ጠጅ ሆነች፤ ከዚያ በላይ የምትሄድበት ቀለም የላትም። ለሐኪሙ አሳየሁት።

"ጾመኛ ነው እኮ" አለኝ። "በረመዳን ኬቶን ቢወጣ ምን ይገርማል?"

"አንድ ቀን የዋለ ጾመኛ እንዲህ አያጠቁራትም። እኔም ሁዳዴን እየጾምኩ ነው፤ የኔን ነክረህ እይ።"

ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ግን እሱም አልተሳሳተም። ይቺ ወረቀት ለሬሳ አልተሠራችም፤ ዋናውን የኬቶን ዓይነትም አታየውም። ከእጅ አይሻል ዶማ ናት። ሁለተኛው ቱቦ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ኬቶኑም አድሬናሊኑም በመጠን ተለክቶ መምጣት ነበረበት። በዚህ ተስማማን። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ የጉንጩን ምት ጻፈ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እንደሌለ ጻፈ፣ የሞቱ ምክንያት ገና አልታወቀም ብሎ ፈረመ። ፖሊስ ያነበበው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው።

"ለናሙናው ፎርም ስጠኝ" አልኩት።

"ለሬሳ የሚሆን ፎርም የት አለ? በኋላ ደብዳቤ አጽፋለሁ" ብሎ ወጣ።

እኔ ደግሞ ሕጌን አውቃለሁ። ፎርም ከሌለ መዝገቡ ላይ አላሰፍርም። የወረቀቷን ቀለም በግል ደብተሬ ጻፍኩ። ቱቦው ላይ ፕላስተር ለጥፌ "የሚኤሶው ሟች" ብዬ ማቀዝቀዣው ጥግ አስቀመጥኩት። ቁጥር አልሰጠሁትም። ያኔ ምን ነበረበት፣ አንድ ቁጥር ከኪሴ ባወጣለት! ማን ይጠይቀኝ ነበር? የክፍሉ ኃላፊ እኔ፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ።

ከዚያ የደብዳቤው ነገር መጣ። አስተዳደሩ፣ ናሙና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ፖሊስ ሲጠይቅ ነው አለ። ፖሊስ፣ ሆስፒታሉ በደብዳቤ ያሳውቀን አለ። ዐቃቤ ሕጉ ጋ ስሄድ በቃል አይሆንም አለኝ። በጽሑፍ ስወስድለት ማኅተም የለውም። ማኅተም ያዡ የቀብር ፈቃድ ላይ ነው፤ ነገ ነይ። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እነዚህ ግን ተኝተውም አልነበረም፤ ጫታቸውን ይዘው ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸው ፈጥጦ ነው ያልሰሙኝ።

ሴትየዋ በየሐሙሱ ከሚኤሶ ትመጣለች። የላቦራቶሪው መስኮት ላይ ቆማ "ሲስተር፣ መጣ?" ትለኛለች። ሲስተር አይደለሁም ብላትም አልተወችም። አልመጣም ስላት ለባሏ ምግብ ሳታደርስ ትመለሳለች። እስር ቤቱ ከኛ ግቢ በእግር ሩብ ሰዓት አይሆንም። ማፍጠሪያ እንኳ አልወሰደችለትም። አንድ ሐሙስ ሂጂና እዪው አልኳት።

"ምን ብዬ ልየው?" አለችኝ። "ወላሂ፣ ፊቱን ሳየው የወንድሜ ጉንጭ ነው የሚታየኝ።"

ፋሲካ ደረሰና የሳምንት ፈቃድ ወጣሁ። ስለት ነበረብኝ፣ አሰቦት ገዳም ወጣሁ፤ እዚያም ሆኜ ስለዚያ ቱቦ ጸልያለሁ፣ ይሳቅብኝ። ስመለስ ላቦራቶሪው ተወልውሎ ያበራል። ከበላይ ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ነው። ማቀዝቀዣውን ከፈትኩት፤ በረዶው ተራግፏል፣ መደርደሪያው ጸድቷል። ጥጉ ባዶ ነው።

"እዚህ የነበረውስ?" አልኩት የሥራ ባልደረባዬን። ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ልጆች ያሳደገ፣ በሥራው የማይታማ።

"ቁጥር የሌላቸውን ጣልኳቸው" አለኝ። ቀና ብሎም በሩ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት አየው።

ሰደብኩት። ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ስጨርስ "አንቺ እኮ ነሽ ያስተማርሽኝ" አለ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ስንቱን ደብዳቤ ጻፊ፣ ስንቱን ማኅተም ያዥ ስረግም ከርሜ፣ ቱቦውን የጣለው የኔው እጅ ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ሰሞን ሐኪሙም ለትምህርት ሄደ። ስልክ ስደውልለት አያነሳም።

ለሴትየዋ ግን አልነገርኳትም። ሐሙስ ስትመጣ ገና ነው አልኳት። ክረምቱን ሙሉ ገና ነው እያልኩ ዋሸኋት። አጎቶቿ ልጆቹን ከአባታቸው ወገን ቤት እንድታወጣ ቀን ቆረጡላት፤ እስከ መስቀል ድረስ አሏት። ያንንም እየነገረችኝ ገና ነው አልኳት።

ጳጉሜ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የሕሙማን ክፍል ውስጥ ሞቱና ልጆቻቸው ሊወስዷቸው ልብስ ሲያለብሷቸው አየሁ። ለሞተ ሰው ልብስ ማልበስ አበሳ ነው፤ ክንዱ አይታዘዝም። መጀመሪያ ኮቱን አጠለቁላቸው፣ ቀጥሎ ሹራቡ ከአልጋው ሥር ተገኘ፤ መልሰው ማውለቁ ሲያቅታቸው ከላይ አጠለቁት። እዚያው በቆምኩበት የሚኤሶው ሟች ታየኝ። ካኔተራው ከሸሚዙ በላይ! ያ ሰው ራሱ አልነበረም የለበሰው። ከሞተ በኋላ ያለበሰው ሰው አለ፤ ራቁቱን ነበር ያለው አማቹም አልዋሸም።

በሐሙሱ ሴትየዋ ስትመጣ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ቱቦው መጣሉን፣ ስዋሻት መክረሜን። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ አልመታችኝም። ስለ ካኔተራው ስነግራት ግን ተነሳች፤ "ማን ነው ያለበሰው?" አለች። በማግስቱ ተያይዘን ደጋ ወጣን።

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኙት ሽማግሌ ገብስ ሲያርሙ አገኘናቸው። ቤት አስገብተው ሆጃ አቀረቡልን፤ የቡና ገለባ በወተት፣ ትኩስ። በኦሮምኛ ጠየቅኳቸው።

"ኦቦ፣ ሰውየውን ሲያገኙት ልብስ ነበረው?"

ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ፖሊስ የተረከበው ለብሶ ነው" አሉ።

"ፖሊስን ሳይሆን እርስዎን ነው የጠየቅኩት።"

"የኔ ልጅ፣ የሙት ገመና አይወራም።"

ያኔ ነው የገባኝ። ልቆጣ አልኩ፣ ማንን ልቆጣ? ሽማግሌው ያደረጉት ማንኛውም ጨዋ ሰው የሚያደርገውን ነው። ራቁቱን የወደቀ ሰው አግኝተው ሸፈኑት፤ ሸፍነውም ዝም አሉ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ክፉ ሰው ባይኖርበትም አንድ ሰው ታስሮ ይበሰብሳል።

ሴትየዋ ወንበሯን ትታ መሬት ላይ እፊታቸው ተቀመጠች። "አባ፣ እኔ እህቱ ነኝ" አለች። "ገመናው የኔ ነው። እኔ ፈቅጄልዎታለሁ፤ ይናገሩ።"

ከዚያ ነገሩን። ራቁቱን ነበር። ሸሚዙ ቁጥቋጦ ላይ፣ ሽርጡ ወዲያ፣ አንድ ጫማው ሌላ ቦታ። የሙስሊም ገላ እንዲህ ሆኖ መንገድ አይወጣም ብለው እሳቸውና ልጃቸው አለበሱት። ካኔተራውን መጨረሻ ላይ ነው ያገኙት። ፖሊስ አልጠየቃቸው፣ እነሱም አልተናገሩም። አማቹ በዚህ ምክንያት መታሰሩን አላወቁም ነበር። ሲያውቁ እመሰክራለሁ ብለው ተነሱ።

ፍርድ ቤት ቀርበው ቁርኣን ይዘው መሰከሩ። እኔም ደብተሬን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ማኅተም የሌለው ደብተር ማስረጃ አይሆንም ተባልኩ። አልተከራከርኩም፣ እኔም ብሆን አልቀበልም ነበር። ሰውየው በጥቅምት ተፈታ።

ከተፈታ በሁለተኛው ሐሙስ ሁለቱም መስኮቴ ላይ መጡ። እሱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ከስቷል፣ ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል። ሴትየዋ ከጎኑ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለኝ። "ልብሱን መልሼ ሳለብሰው ታገለኝ። ነቃ እንዲል በጥፊ መታሁት። ለፖሊስ አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። ሁለት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ጠንካራ ነበር። ጥፊው ይሆን የገደለው?"

ሴትየዋ ዞር ብላ አየችው። ሁለተኛውን ጥፊ አሁን ነው የሰማችው። ሰባት ወር ሙሉ ወንድሟ በምን እንደሞተ ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት ብዬ አስብ ነበር። ለካ እሱም አያውቅም ኖሯል።

"ብርድ ነው" አልኩት። "ጭንቅላቱን ከፍተን አይተናል፣ ደም አልነበረም።"

"ወረቀት አለሽ?"

እዚህ ላይ ነው ያ ቱቦ እንደገና የታየኝ። ቢኖር ከአዲስ አበባ በማኅተም፣ በቁጥር፣ በመጠን የመጣ ወረቀት እሰጠው ነበር። ባልደረባዬ ከኋላዬ ሥራውን አቁሞ ያየኛል። ደብተሬን አወጣሁና ያን ቀን የጻፍኩትን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ስኳር የለም። ኬቶን እጅግ ከፍተኛ። ጨጓራ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ። ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም የለም። የቀረው ምርመራ በላቦራቶሪው ጥፋት አልተሠራም። ከሥሩ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ከላይ ቁጥር የሚጻፍበትን ቦታ ባዶውን ተውኩት።

ማንበብ አይችልም። ወረቀቱን ሴትየዋ ተቀብላ አየችውና መልሳ ሰጠችኝ። "አንቺ አንብቢለት" አለችኝ።

አነበብኩለት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማ።

"ድገሚልኝ" አለ።

ደገምኩለት። በመሀል እሷ ቀስ ብላ ተጠጋችውና ክንዱን ያዘችው።

"የደሙን ድገሚልኝ" አለ።

"ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም የለም" ብዬ አነበብኩለት።